የአቃቂ በሰቃ የፋብሪካ ሰፈር፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

አቃቂ በሰቃ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች። ለረጅም ዘመን ግን ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ነዋሪውም መርካቶ ሊወርድ ሲነሳ «አዲስ አበባ ልሄድ ነው» ነበር የሚለው። እዚህ የማነሳው በተለይ የሠራተኛውን ሰፈር ነው፦ በጨርቃ ጨርቁ፣ በቃጫውና በብረታ ብረቱ ዙሪያ የበቀለውን፣ እኛ ያደግንበትን፣ አሁን የሌለውን።

መሬቱ ቀድሞ የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻና ግጦሽ ነበር። ከተማ ያደረገው ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ። ለአዲስ አበባ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ ያችን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። ቀጥሎ የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ መጣ። የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለውጭው ዓለም ንግግር ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ነው፤ ይህን ስናነሳ ደረታችን ቢነፋ አይፈረድብንም። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለውን፣ 6.6 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የአባ ሳሙኤል ግድብ አንዳንዶች የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ይሉታል። ሌሎች ደግሞ በምኒልክ ዘመን ከተሠራው አነስተኛ ማመንጫ ይጀምራሉ። እሱም ቢሆን በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ ስለዚህ ክርክሩ ከእኛ ቤት አይወጣም።

የሠራተኛው ሰፈር ታሪክ የሚጀምረው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የህንዱ ቢርላ ኩባንያ ኢንዶ ኢትዮጵያ የተባለውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂ ላይ ተከለ። ቢርላ ከህንድ ውጭ ካቋቋማቸው ቀደምት ፋብሪካዎች አንዱ ነው። ቦታው በደንብ የተመረጠ ነበር፦ ባቡሩ አለ፣ ወንዙ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ሜዳው ሰፊ ነው። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ፣ ከሰላሌ ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው እዚያው ጭቃ ቤት እየመረገ ሰፈረ። ስለዚህ የአንድ ግቢ ልጆች አማርኛና ኦሮምኛውን እያቀላቀልን፣ ጉራጊኛም ጨምረን፣ ማን የማን ዘር እንደሆነ ሳንጠይቅ ነው ያደግነው።

የሰፈሩ ሰዓት የፋብሪካው ሳይረን ነበር። ሥራው በሦስት ፈረቃ ነው፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 4 ሰዓት። የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር እናቶች ወጥ የሚጥዱትም፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚላከውም በሳይረኑ ነው። አባት የሌሊት ፈረቃ ከገባ ቀን ይተኛል፤ ያን ሳምንት ቤት ውስጥ መሮጥ የለም፣ ጎረቤትም ሬዲዮ ይቀንሳል። የጠዋት ፈረቃ ከሆነ ደግሞ ምሳ ዕቃ ይዘን በር ላይ እንቆማለን። ከበሩ የሚወጣውን ሰው የየትኛው ክፍል እንደሆነ በዓይን እንለያለን፦ ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ ጥጥ ያረፈበት ከፈተላ ነው፣ ጮክ ብሎ የሚያወራው ከሽመና ነው። የሽመና ክፍል ጫጫታ ጆሮ ይደፍናል፤ ሠራተኞቹ እርስ በርስ የሚግባቡት ከንፈር በማየትና በእጅ ምልክት ነበር። አንዳንዱ ይህን ልማድ ቤቱ ድረስ ይዞት ይመጣ ነበር።

የጥጥ ሥራ ከባድ ነው። ጥጡ በሚፈታበትና በሚበጠርበት ክፍል ብናኙ ይበዛል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ደረት የሚያፍን በሽታ ያመጣል። የበሽታው ምልክት የሚብሰው ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው። ይህ በየትም አገር ባሉ የጥጥ ፋብሪካዎች የታወቀ ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ግን ሳል እንደ ሳል ነበር የሚቆጠረው፤ ወተት ጠጣ ይባላል፣ ያልፋል። ብዙ አባቶች ጡረታ የወጡት ያንን ሳል ይዘው ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል።

የደሞዝ ቀን ሰፈሩ ሌላ ነው። የዱቤ ደብተሩን የያዘ ባለሱቅ፣ እቁብ ሰብሳቢው፣ የጠላ ቤት ባለቤቷ፣ ሁሉም በሩ ላይ ይጠብቃል። አንዳንድ ሚስቶችም ብሩ ጠጅ ቤት ሳይደርስ ለመቀበል ይመጡ ነበር፤ አደረጉ ብሎ ማን ይፈርድባቸዋል። ማታ ቤት ውስጥ ሥጋ ይሸታል። አቡጀዲ ለአንሶላም፣ ለእናቶች ቀሚስም፣ ለትራስም ነበር። ኳሳችንም ከጨርቅና ከክር ቁራጭ የተጠቀለለ ነው። ቆርኪ ሐዲድ ላይ አስቀምጠን ሊቶሪናዋ፣ የመንገደኛ ባቡሯ፣ እስክታልፍ ጥሻ ውስጥ እንጠብቃለን፣ ከዚያ የተዳጠውን ለመልቀም እንሻማለን።

ሠራተኛው የተደራጀውም በዚሁ ኑሮ ውስጥ ነው። ሕጉ ማኅበር ሳይፈቅድ በፊት በአገሪቱ ፋብሪካዎች መደራጀት የጀመረው በእድር መልክ ነበር፤ ለቀብርና ለመዋጮ የተሰበሰበ ሰው ስለ ደሞዙም ያወራል። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ተመሠረተ። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ኢሠአማ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ ለአራት ቀን ቆየ። ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል፣ ጡረታ፣ የመደራጀት መብት ነበር ጥያቄው። የአብዮቱ ታሪክ ሲጻፍ ተማሪውና ወታደሩ ይጎላሉ። እኔ ግን ያለ ሠራተኛው አድማ የዚያ ዓመት የካቲት የካቲት አይሆንም ነበር ባይ ነኝ።

ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 ድርጅቶችን ወረሰ። በዚያ ዘመን ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ሆኑ፣ ቤቱ የቀበሌ ሆነ፣ ኢሠአማም በመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር፣ በመኢሠማ፣ ተተካ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ስለዚያ በየቤቱ የሚወራው በሹክሹክታ ስለሆነ እዚህ አልዘረዝረውም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰልባጅና ርካሽ የውጭ ጨርቅ ገበያውን ሞላው፣ የመንግሥት ፋብሪካዎች ወደ ግል መዛወር ጀመሩ። ማሽኑ አርጅቷል፣ መለዋወጫ ጠፍቷል፣ ሠራተኛው ተቀነሰ። አሮጌው ባቡርም ቆመ። አዲሱ የጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እሱ በእኛ አካባቢ የሚቆመው ግን ኢንዶዴ በተባለ ጣቢያ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የአዳማ መኪና በፈጣን መንገዱ ከቱሉ ዲምቱ ስለሚነሳ በአሮጌው መንገድ ዳር ቆሎና ሻይ የሚሸጡ ሴቶች ገበያቸው ቀዘቀዘ። የጭቃ ቤቶቹ ቦታ ላይ መጋዘንና ፎቅ ቆሟል። ከላይ ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻም ወንዙን አበላሽቶታል፤ እኛ የዋኘንበት ውሃ ዛሬ እግር የሚነከርበት አይደለም። የሚገርመው ደግሞ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚወጣ መሆኑ ነው።

የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ልጆች ዛሬ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተበትነዋል። እድሩን ግን አልተዉም። ለቅሶ ሲኖር ከያሉበት ይመጣሉ፤ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጡም መጀመሪያ የሚጠያየቁት የማን ልጅ እንደሆኑና አባታቸው በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ፈረቃ እንደነበሩ ነው።