ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ምንድን ነው? የጠባይ ለውጡስ እንዴት ይያዛል?

ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍሎች ቀስ በቀስ የሚያመነምን የዲሜንሺያ (የአእምሮ ችሎታ እየደከመ የሚሄድበት ሕመም) ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በብዛት በሚታየው ዓይነት፣ ቀድሞ የሚለወጠው ማስታወስ ሳይሆን ጠባይ ስለሆነ ቤተሰብ «ባለገ» ይላል፤ ሐኪምም ድብርት ሊመስለው ይችላል። ጨዋ የነበረ ሰው ለቅሶ ቤት ይስቃል፣ ለማያውቃት ሴት ነውር ይናገራል፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ከተቀመጠበት አይነሳም።

ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ መታመሙን አያውቅም። እያወቀ መካዱ አይደለም፤ ራስን መታዘብ የሚያስችለው የአንጎል ክፍል ነው የተጎዳው። ስለዚህ ቁጣም፣ ምክርም፣ ሽማግሌ መላክም ፋይዳ የለውም። የሚለወጠው እሱ ሳይሆን ዙሪያው ነው።

መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ያህል መዝግቡ፦ ምን ሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር? ብዙ ጊዜ ጫጫታ፣ ድካም ወይም ረሃብ ይገኝበታል። ለውጡ በአንድ ሁለት ቀን ድንገት ከመጣ ግን በሽታው ባሰበት ብሎ መተው አይገባም፤ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የጥርስ ሕመም ወይም አዲስ መድኃኒት ይመርመር።

አስቸጋሪው ምግብ ነው። ጣፋጭ ሲያይ ማቆም አይችልም፤ አፉንም ሞልቶ ሊታነቅ ይችላል። ስኳርና ብስኩት ቆልፉ፣ ድርሻውን በትንሽ ሳህን ለብቻ አቅርቡ፣ ሥጋውን አድቅቁ፣ ሲበላ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ከጋራ ገበታ መለየት ለእኛ ቤት ይከብዳል፤ ግን የት ላይ እንደሚያበቃ የሚነግረው ያ ሳህን ብቻ ነው። በረኪናና መድኃኒትም ይቆለፍ።

ገንዘብ ላይ የባንክ ዕለታዊ ወጪውን ገደብ ዝቅ ማድረግ ይረዳል። መኪና መንዳት ይቁም፤ ቁልፉ ከዓይኑ ይራቅ። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ከማለት «ና፣ ሻይ እንጠጣ» ይሻላል። ለማይነሳው ሰው ደግሞ «ምን ትፈልጋለህ?» ሳይሆን «ሸሚዙ ነጩ ይሁን ሰማያዊው?»። ማንንም የማይጎዳ ልማድ፣ ለምሳሌ በግቢ ውስጥ መመላለስ፣ ዝም ቢባል ይሻላል።

በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት የለም። ለድብርት የሚታዘዙት ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራም ወይም ትራዞዶን ችኮላውንና ቁጣውን ሊያረግቡ ይችላሉ። ለአልዛይመር የሚታዘዘው ዶኔፔዚል ግን ጠባዩን ሊያባብስ ይችላል። ለሳይኮሲስ (የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማትን ለመሰለ ከእውነታ መራቅ) የሚሰጡ መድኃኒቶች የእነዚህን ሕመምተኞች ሰውነት በቀላሉ ግትር ያደርጋሉ፤ ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይም የሞት አደጋ ስለሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2005 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። የግድ ካስፈለጉ በትንሽ መጠን ይጀመሩ፤ የሚገመገሙበትና የሚቆሙበት ቀንም ከሐኪሙ ጋር በዚያው ይወሰን።