ልጅን ዕፅ የሚያስይዝ አዋቂ፦ የአሜሪካ ሕግ

አሜሪካ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ዕፅ እንዲሸጥ ወይም እንዲያደርስ ያሰማራ አዋቂ ከተራው ሻጭ የበለጠ ይቀጣል። ይሄ ያለው በፌደራሉ ሕግ ርዕስ 21 አንቀጽ 861 ላይ ነው፣ በአማርኛ ስለሱ እምብዛም ስላልተጻፈ እዚህ ሰብሰብ አድርገነዋል።

ነገሩን ብዙ ሰው የሚጀምረው ከኒውዮርክ ነው። በ1973 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አገረ ገዢው ኔልሰን ሮክፌለር ያስወጡት ሕግ በጥቂት ሄሮይን ጭምር እስከ ዕድሜ ልክ ያስፈርድ ነበር፣ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ያኔ የሚቀርበው ቤተሰብ ፍርድ ቤት ስለነበር ያ ቅጣት አይነካውም ነበር፣ ሻጮቹም ይቺን ነቄ ብለው ፌስታሉን ለልጅ አስያዙ ይባላል። ዲትሮይት ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ «ያንግ ቦይስ ኢንኮርፖሬትድ» የሚባለው ቡድን ሄሮይኑን በጎረምሶች ነበር የሚያሸጠው፣ ልጁ ቢያዝ ቶሎ ይወጣል፣ አለቃው እጅ ላይ ምንም የለም። ከዛ ክራክ (የሚጨስ የኮኬይን ዓይነት) መጣ፣ ጁን 1986 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ሌን ባያስ በኮኬይን ሞተ (ክራክ ነው ያሉ ነበሩ፣ አልነበረም)፣ ምርጫም ደርሶ ስለነበር ኮንግረስ ተጣደፈ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን በኦክቶበር የፈረሙት ሕግ ውስጥ ይሄ ልጅ ያሰማራን የሚቀጣው አንቀጽም ገባ።

ሕጉ ጥሩ አድርጎ ነው የተጻፈው። ልጁ ዕፁን መንካት እንኳን የለበትም፣ ጥግ ላይ ቆሞ ፖሊስ ሲያይ እንዲያፏጭ ያደረገውም ሰውዬ ይጠየቃል። ቅጣቱ እጥፍ ነው፣ ትንሽ ኮኬይን መሸጥ ጣሪያው 20 ዓመት ከሆነ በልጅ ያሸጠ እስከ 40 ይደርሳል፣ ለደጋሚ ሦስት እጥፍ። ልጁ 14 ወይም ከዛ በታች ከሆነ እስከ 5 ዓመት ይጨመራል። «18 የሞላው መስሎኝ ነው» የምትለዋም ብዙ አታዋጣም፣ በርካታ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ዓቃቤ ሕግ ተከሳሹ ዕድሜውን ያውቅ ነበር ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም ብለዋል።

ከስቴቶች ኒው ጀርሲ በ1987 ለብቻው ወንጀል አድርጋዋለች፣ መነሻው 5 ዓመት ነው፣ እሱ ሳያልቅ በአመክሮ መፈታት የለም።

ኢትዮጵያ በ2003 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 182 ልጅን በዕፅ ዝውውር ማሰማራትን ከከፉት የልጅ ጉልበት ብዝበዛዎች ይቆጥረዋል።

ልጁስ? 861 ስለሱ ነፃ መውጣት ምንም አይልም፣ ሰውዬው እጥፍ ቢፈረድበትም ልጁ በራሱ ፋይል ሊከሰስ ይችላል። እንግሊዝ በ2015ቱ የዘመናዊ ባርነት ሕጓ ተበዝብዞ ያደረገው ልጅ ይህንኑ መከላከያ እንዲያቀርብ ፈቅዳለች።