የጅማ ወንዞች በዲጂታል ካርታ ላይ

አጋሮ አካባቢ የዘነበ ዝናብ ወደ ዲዴሳ ይወርዳል፣ ዓባይን ተቀላቅሎም ወደ ሜዲትራኒያን ይጓዛል። ጅማ ከተማ ላይ የዘነበው ግን በአዌቱ በኩል ግልገል ጊቤ ይገባል፤ ከዚያ ኦሞን ይዞ ቱርካና ሐይቅ ላይ ይቀራል። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ግራና ቀኝ የሚለያይበትን ጀርባ መኪና ውስጥ ሆኖ ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። የተፋሰስ ዲጂታል መረጃ ግን ያንን መስመር አውጥቶ ያሳያል።

ብዙ ሰው እነዚህ የወንዝ መስመሮች የሳተላይት ፎቶ እየታየ የተሳሉ ይመስለዋል። አብዛኞቹ ከመሬት ከፍታ በስሌት የወጡ ናቸው። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኤንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን የዓለም የብስ በራዳር ለካች። ይህ መረጃ ኤስአርቲኤም ይባላል። መሬቱን ጎንና ጎኑ 30 ሜትር ገደማ በሆነ ካሬ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ የከፍታ ቁጥር ይሰጣል።

ከዚያ ሥራው የኮምፒውተር ነው። መጀመሪያ በመረጃው ውስጥ በስህተት የተፈጠሩ ጉድጓዶችን ይሞላል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ካሬ ይዞ ከስምንቱ ጎረቤቶቹ ቁልቁለቱ የሚበረታው በየት በኩል እንደሆነ ያያል፤ ውሃውንም ወደዚያ ይልካል። በመጨረሻ ወደ አንድ ካሬ ስንት ካሬ እንደሚፈስ ይቆጥራል። ከ1,000 ካሬ በላይ የሚሰበስበውን ጅረት በለው ካልነው፣ 0.9 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ውሃውን የሚልክለት ሸለቆ ሁሉ ሰማያዊ መስመር ያገኛል። ቁጥሩን ወደ 100 ካወረድነው የበጋ ደረቅ ቦይ ሳይቀር ወንዝ ሆኖ ይሳላል። ይሄን ቁጥር የሚመርጠው ሰው ነው፤ ስለዚህ አካባቢውን ማወቅ አለበት።

በዚህ መንገድ ከተዘጋጁት ታዋቂው ሃይድሮሼድስ የተባለው ዓለም አቀፍ የወንዝና የተፋሰስ መረጃ ነው። ከእሱ የወጣው ሃይድሮሪቨርስ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የወንዝ ቁራጮችን ይዟል፤ ሃይድሮቤዚንስ ደግሞ ተፋሰሶችን በ12 ደረጃ እያሳነሰ ይከፋፍላል። ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። እንደ ኦሞ ጊቤ ላለ ትልቅ ተፋሰስ ጥሩ ናቸው። ለቀበሌ ሥራ ግን አይበቁም፤ ትንንሾቹ ጅረቶች አይገቡም።

ጅማ ላይ ሦስት ነገር ሳያጣሩ መጠቀም አደጋ አለው። አንደኛው ጫካው ነው። የኤስአርቲኤም ራዳር ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ አልፎ መሬቱን በደንብ አያይም፤ የቡና ጥላውን አናት እንደ ኮረብታ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው የቦዬ ረግረግ ነው። ሜዳ ስለሆነ ቁልቁለት የለውም፣ ኮምፒውተሩም ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። እንዲህ ባለ ቦታ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ ወንዝ ካያችሁ አትመኑት። ሦስተኛው ጊዜው ነው። ግልገል ጊቤ 1 የተባለው ግድብ ሥራ የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ራዳሩ የለካው ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ ዛሬ ውሃ የተኛበት ቦታ በመረጃው ላይ አሁንም ሸለቆ ነው።

ስምም ሌላ ጉዳይ ነው። በሃይድሮሪቨርስ አዌቱ የሚል ቃል የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ስም የሚጨመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው የኢንተርኔት ካርታ ላይ ነው፤ እዚያ አካባቢውን የሚያውቅ ማንም ሰው ጅረቱን ስሎ ስሙን መጻፍ ይችላል። እኔ ትልቁን ተስፋ የምጥለው እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ቦይ ክረምት ላይ መንገድ እንደሚዘጋ የሰፈሩ ሰው ያውቃልና።

የቆዩት የኢትዮጵያ 1፡50,000 የወረቀት ካርታዎችም ብዙ የጅረት ስም ይዘዋል፤ ስካን አድርጎ መጠቀም ያዋጣል። ግን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው፤ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ሳይለወጥ ከተደረበ ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ይሆናል። ያኔ አዌቱ ከአልጋው ወጥቶ በሰው ቤት ላይ ሲያልፍ ታዩታላችሁ።