«ቅዳሜ አካክሰዋለሁ» እና ሌሎች የክራር ተማሪ ሰበቦች

ባሕር ዳር ላይ ክራርና ማሲንቆ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ተማሪው ይለያያል፣ ሰበቡ ግን ያው ነው። በቃል መመለስ ስለሰለቸኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

«ተሰጥኦ ከሌለህ አይሆንም።» የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆ ይዞ አይወለድም። አባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ በየቀኑ እየሰማና እየሞከረ ነው የሚያድገው። እናንተ የደረሳችሁት ሲያሳምረው ነው፤ ሲያበላሸው ቤተሰቡ ጠግቦ ሰምቷል።

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል።» ቁጥሩ የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. የጻፈው ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ነበር። ስለ አፍንጫ እንጂ ስለ ክራር አላወራም። በኋላ ለንደን ውስጥ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ አዲስ ልማድ የጀመሩ ሰዎችን ሲከታተሉ አማካዩን 66 ቀን አገኙት፤ ከሰው ሰውም ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል አሉ። አንድ ቀን መዝለልም ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላመጣም። ስለዚህ በ22ኛው ቀን ብትሰንፉ ጤነኛ ናችሁ።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። «በሳምንቱ ሥራ ይበዛብኛል፣ ቅዳሜ አካክሰዋለሁ።»

አንድ የባንክ ሠራተኛ ተማሪ አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ክራሩን ይዞ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ይቀመጥና ሦስት ሰዓት ሙሉ ይገዘግዛል። መጀመሪያ ያለፈውን ለማስታወስ ይታገላል። ቀጥሎ ጥሩ ይጫወታል። ከዚያ ጣቱ ይዝላል፣ ጆሮው ይደክማል፣ ስህተቱን መስማት ያቆማል። ክሮቹን በአንድ ላይ እየመታን ስንጫወት የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹን አፍነው ይይዛሉ፤ እንዲሰማ የምንፈልገው ክር ላይ ያለው ጣት ብቻ ይነሳል። የእሱ የቀለበት ጣት ዘግይቶ ይነሳል። ሁለት ድምፅ ተደርቦ ይወጣና ትዝታው ይጨማለቃል። ቅዳሜ ሲደጋግም የዋለው ይህንኑ ነው።

ሌላዋ ተማሪዬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ክራሯ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጀበናው ተጥዶ ቡናው እስኪፈላ ታወርደዋለች፣ ትቃኛለች፣ አንዲት ሐረግ በዝግታ ትመታለች፣ ጣቷን እያየች። አቦሉ ሲቀዳ መልሳ ትሰቅለዋለች። በቃ። ከባንኩ ልጅ ዘግይታ ነው የጀመረችው። ዛሬ ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት በጆሮዋ ትቃኛለች፤ እሱ አሁንም ስልኩን አውጥቶ የመቃኛ አፕ ይከፍታል።

ምስጢር የለውም። እጅ የተማረውን አእምሮ የሚያደላድለው ከልምምዱ በኋላ ነው፣ በተለይ ስንተኛ። በየቀኑ ትንሽ የነካካ ሰው ሰባት ሌሊት አለው። የቅዳሜው ሰውዬ አንድ። ደግሞ ይህን ጎጃም ውስጥ ሆኜ ማስረዳቴ ይገርመኛል! ቅኔ ቤት ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለየኔታ ይነግራል፣ ይታረማል። የቅዳሜ ቅኔ ቤት የሰማ አለ?

ስለዚህ ክራሩን ከቦርሳ አውጡት፤ ዚፕ መክፈት ራሱ ለሰነፍ ሰበብ ነው። የሚታይ ቦታ ስቀሉት። «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብላችሁ አትቁረጡ፣ እንግዳ ይመጣል፣ መብራት ይጠፋል። ይልቅ በማይቀር ነገር ላይ አስደግፉት፦ ቡና ሲጣድ፣ ከሥራ መልስ ጫማ ሲወልቅ። ልኩ ትንሽ ይሁን። አንድ ሐረግ አምስት ጊዜ ሳትሳሳቱ ከወጣ፣ የዛሬው አለቀ። ከፈለጋችሁ ቀጥሉ፣ ካልፈለጋችሁ ስቀሉት። መጽሐፍ ማንበብ ያቃታችሁም በዚሁ መንገድ ሞክሩት፤ ሁለት ገጽ ያነበበ ሰው ምንም ካላነበበው ይሻላል። ስልኩ ግን ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ በዚህ አልደራደርም።

«ጠዋት ካልሆነ አይረባም።» ይረባል። ጎረቤት እንዳይተኛ አታድርጉ እንጂ።

«መጀመሪያ ውድ ክራር ልግዛ።» ቅኝቱን የሚይዝ ከሆነ ያለው ይበቃል።

«ማሲንቆዬ በክረምቱ ተበላሽቷል፣ መስከረም ላይ እቀጥላለሁ።» አልተበላሸም። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ላልቷል፣ እኛ ደግሞ ያለነው ሐይቅ ዳር ነው። ፀሐይ ብልጭ ስትል አውጡት፣ ካልሆነ ከከሰሉ ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት። ጭራውን እጣን ቀቡት። አሁንም እምቢ ካለ ደውሉልኝ፣ ቅዳሜ ካልሆነ በቀር።