አገጭ ማሠራትና መንጋጋ ማስተካከል አንድ አይደለም

አቦ የድሬ ልጆች፣ «አገጬን ባሠራ ጥርሴም አብሮ ይገጥማል?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ነገሩን እንለየው። አይገጥምም። በአገጭ ቀዶ ጥገና የሚነካው ከጥርስ ሥሮች በታች ያለው የአጥንት ጫፍ ብቻ ነው፤ ጥርስ ካለበት አይነቃነቅም። የላይና የታች ጥርሱ የማይገናኝለት ሰው የጥርስ ማስተካከያ ወይም የመንጋጋ ቀዶ ጥገና ነው የሚያስፈልገው፤ እሱ ሌላ፣ ከበድ ያለ ሥራ ነው።

አገጭን ወደፊት ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሲሊከን የመሰለ ሰው ሠራሽ ነገር አጥንቱ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቀለል ይላል፤ ግን ሊንሸራተት ወይም ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ካመረቀዘም ብዙ ጊዜ ይወጣል። ረጅም አገጭ ለማሳጠርማ ጭራሽ አይሆንም። ሁለተኛው ከታችኛው ከንፈር በስተውስጥ ከፍቶ፣ አጥንቱን አግድም ቆርጦ፣ ወደፊት ስቦ በቲታኒየም ሳህንና ብሎን ማሰር ነው። የከንፈር ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ መደንዘዝ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይለቃል፣ በጥቂቶች ላይ ግን ይቀራል።

ምሳሌ፦ አጥንቱ 5 ሚሊ ሜትር ወደፊት ቢመጣ ቆዳው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይከተለዋል። መጀመሪያ ላይ እብጠቱ የበለጠ ያስመስለዋል፤ ወራት ሳያልፍ ውጤቱን አትፍረዱ።

ስንት ሚሊ ሜትር ይበቃል የሚለው ከሰው ሰው ይለያያል፤ አፍንጫና ከንፈር አብረው ይታያሉ። በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር በእጅ ርቀት በተነሳችሁት ሰልፊ ግን አትለኩት፤ ቅርብ ካሜራ አፍንጫን ያገዝፋል፣ አገጭን ያሸሻል። ሌላ ሰው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ከጎን ያንሳችሁ።