በካቪቲ ማቀዝቀዝ ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ጠዋት ፀሐይ የምንሞቀው ጋቢ ደርበን፣ ግድግዳ ተደግፈን ነው። ብርሃን እንደሚያሞቅ ገላችን ያውቀዋል። ያቀዘቅዛል ቢባል ግን አይዋጥልንም። ሆኖም ያቀዘቅዛል።

የጋዝ ሙቀት የአቶሞቹ ሩጫ ነው። በተራ ክፍል ሙቀት አንድ የሩቢዲየም አቶም በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይከንፋል። ማቀዝቀዝ ማለት እሱን ማዘግየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 እነ ፊዚክስ ተመራማሪው ስቲቨን ቹ የሶዲየም አቶሞችን ከየአቅጣጫው በሌዘር እየገፉ ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ጫፍ) በላይ ወደ አንድ ዲግሪ 240 ሚሊዮንኛ አወረዷቸው። ለዚህ ዘዴ ግን አቶሙ አንዱን ቀለም ደጋግሞ መዋጥና መትፋት አለበት። አብዛኞቹ ሞለኪውሎች ይህን አይችሉም።

ኦፕቲካል ካቪቲ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት እጅግ ጥሩ መስታወቶች ናቸው። በመሃላቸው ብርሃን እልፍ ጊዜ ይመላለሳል።

እኔ ነገሩ የገባኝ ዋሽንት ሳስብ ነው። የጎጃም እረኛ ሲነፋ ከአፉ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። የትኛው ድምፅ እንደሚጎላ የሚወስነው ሸምበቆው ነው። ጣቱን ከቀዳዳው ሲያነሳ ድምፁ ይቀጥናል። ትንፋሹ ያው ነው። የመስታወቶቹ ርቀትም እንዲሁ አንዱን የብርሃን ድግግሞሽ፣ ማለትም አንዱን ቀለም፣ ያጎላል፣ ሌላውን ያፍናል።

አሁን ሌዘሩን ካቪቲው ከሚወደው ድግግሞሽ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ብርሃኑ አቶሙ ላይ ሲያርፍ አቶሙ ይበትነዋል። ካቪቲው በደንብ የሚቀበለው ግን ከፍ ያለውን ነው፤ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ደግሞ ብዙ ጉልበት አለው። ታዲያ ዝቅ ብሎ የገባው ብርሃን ከፍ ብሎ ሲወጣ ልዩነቱን ማን ከፈለ? አቶሙ ነው፣ ከሩጫው ቀንሶ። ብርሃኑ በመስታወቱ ሾልኮ ሲወጣ ያን ጉልበት ይዞት ይሄዳል። ይህ ሲደጋገም አቶሙ እየሰከነ ይመጣል።

ደስ የሚለኝ፣ የቀለም ምርጫው ከአቶሙ ወደ መስታወቱ መዛወሩ ነው። የፊዚክስ ተመራማሪው ቭላዳን ቩሌቲችና ቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ይህ መንገድ ለሞለኪውልም እንደሚሆን ጻፉ። በ2004 ጀርመን፣ ጋርሺንግ ውስጥ በአንዲት ነጠላ የሩቢዲየም አቶም ተሠርቶ ታየ። በ2020 ደግሞ ቪየና ላይ 100 ሚሊዮን ያህል አቶሞች ያሏት የብርጭቆ ቅንጣት እንቅስቃሴዋ ከፍጹም ዜሮ በላይ ወደ አንድ ዲግሪ 12 ሚሊዮንኛ ወረደ። ክፍሉ እንደማንኛውም ክፍል ሙቀት ነበረው። የቅንጣቷም ውስጥ እንደሞቀ ነው። የሰከነው መወዛወዟ ብቻ ነው።