የናይጄሪያ የፓርቲ ፖለቲካና የሌጎስ ከተማ የዕለት ኑሮ

ሌጎስ ናይጄሪያ ነጻነቷን ካገኘችበት ከ1960 እስከ ዲሴምበር 1991 ድረስ የአገሪቱ ዋና ከተማ ነበረች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፌዴራሉ መንግሥት ወደ አቡጃ ሲዛወር ወደቦቹ፣ የትልልቆቹ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ የሙዚቃውና የፊልሙ ገበያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕዝቡ እዚያው ቀርቷል። የሕዝቡ ብዛት ስንት እንደሆነ ግን ራሱ የፖለቲካ ክርክር ነው። የ2006 ቆጠራ ለሌጎስ ግዛት 9 ሚሊዮን ያህል፣ ለሰሜኑ ካኖ ግዛት ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጠ፤ የሌጎስ መንግሥት በበኩሉ በራሱ ቆጠራ ነዋሪው ከ17 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ገልጾ ውጤቱን አልቀበልም አለ። ከፌዴራሉ ካዝና የሚከፋፈለው ገንዘብና በታችኛው ምክር ቤት የሚያዘው ወንበር በሕዝብ ብዛት ስለሚሰላ፣ በዚህ ጉዳይ ለቁጥር መጣላት ለበጀት መጣላት ነው።

በናይጄሪያ የመጀመሪያው የፖለቲካ ፓርቲ የተወለደው በዚችው ከተማ ነው። በ1922 የወጣው የቅኝ ግዛት ሕገ መንግሥት ለሌጎስ ሦስት፣ ለካላባር አንድ የተመራጭ ወንበር ፈቀደ፤ የመምረጥ መብቱ ግን በዓመት 100 ፓውንድ ገቢ ላላቸው ወንዶች ብቻ የተሰጠ ነበር። በዓመቱ ኸርበርት ማካሌይ የናይጄሪያ ብሔራዊ ዴሞክራቲክ ፓርቲን መሠረተ። ስሙ አገራዊ ይሁን እንጂ ፓርቲው ከሌጎስ አልፎ ብዙ አልሄደም፤ ጉልበቱን ያገኘውም በከተማዋ ባህላዊ የንግሥና ጉዳይ፣ በመሬት ይዞታና በገበያ ሴቶች ዙሪያ ከሚነሱ ጠቦች ነበር። የከተማዋ ፖለቲካ እስካሁን ድረስ ከእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ርቆ አያውቅም።

በነጻነት ዋዜማ ፓርቲዎቹ በክልል ተከፋፈሉ። የሰሜኑ ሕዝብ ኮንግረስ በአህማዱ ቤሎ፣ የምዕራቡ አክሽን ግሩፕ በኦባፌሚ አዎሎዎ፣ በምሥራቅ የገነነው ኤን ሲ ኤን ሲ በናምዲ አዚኪዌ ይመሩ ነበር። የጃንዩዌሪ 1966 መፈንቅለ መንግሥት ይህን ሥርዓት አፈረሰ፤ ከ1967 እስከ 1970 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ተከተለ፤ ከ1979 እስከ 1983 ከቆየው ሁለተኛው ሪፐብሊክ በስተቀር እስከ 1999 ድረስ የአገሪቱ ገዢዎች በአብዛኛው የጦር መኮንኖች ነበሩ። በዚያ አጭር የሲቪል ዘመን የሌጎስ አስተዳዳሪ የነበረው ላቲፍ ጃካንዴ ትምህርት ቤቶችንና አነስተኛ ዋጋ ያላቸውን ቤቶች በብዛት አሠራ። የከተማ ባቡርም ጀምሮ ነበር፤ ወታደሮቹ ሥልጣን እንደያዙ ግን ፕሮጀክቱን ሰረዙት። ከተማዋ ባቡር ያገኘችው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2023 ነው።

በፓርቲ ታሪክ ውስጥ አቻ የሚገኝለት የማይመስለው የጄኔራል ኢብራሂም ባባንጊዳ ሙከራ ነው። በ1989 መንግሥት ለመመዝገብ ያመለከቱትን ማኅበራት ሁሉ ውድቅ አድርጎ ሁለት ፓርቲዎችን በአዋጅ ራሱ ፈጠረ፤ አንዱን «ትንሽ ወደ ግራ»፣ ሌላውን «ትንሽ ወደ ቀኝ» አደረገ፤ ፕሮግራማቸውን ጻፈላቸው፤ ጽሕፈት ቤትም ሠራላቸው። እንዲህ በትእዛዝ በተፈጠረ ሜዳ ላይ ጁን 12 ቀን 1993 የተካሄደው ምርጫ በአገሪቱ ታሪክ እጅግ ንጹሕ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ባለጸጋው የጋዜጣ ባለቤት ሞሹድ አቢዮላ የደቡብ ምዕራቡ የዮሩባ ብሔር ተወላጅ ሆኖ ሳለ በተፎካካሪው ትውልድ ግዛት በካኖ ሳይቀር አሸነፈ፤ ባባንጊዳ ግን ውጤቱን ሰረዘው። የሌጎስ ጎዳናዎች በተቃውሞ ተዘጉ፤ አቢዮላ ታስሮ በጁላይ 1998 እዚያው በእስር ላይ እያለ ሞተ። በከተማዋ ጁን 12 የፖለቲካ ትውልድ መለያ ሆኖ ቀረ። የዴሞክራሲ ቀን ሆኖ በመላው አገሪቱ እንዲከበር የተወሰነው በ2018 ነው።

በ1999 የተጀመረው አራተኛው ሪፐብሊክ የክልልና የብሔር ፓርቲ እንዳይመለስ በሕግ አጥሮታል። የግል ተወዳዳሪ አይፈቀድም፤ ማንኛውም ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤቱ አቡጃ መሆን አለበት፤ የአመራር አባላቱ ከብዙ ግዛቶች የተውጣጡ መሆን ይጠበቅባቸዋል፤ ፕሬዚዳንት ለመሆን ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ግዛቶች ከድምፁ ሩቡን ማግኘት ግዴታ ነው። ሕጉ የታሰበለትን ግብ በከፊል መትቷል። ውጤቱ ግን ፓርቲዎች የአመለካከት ማኅበር መሆናቸው ቀርቶ በየግዛቱ ያሉ ኃያላን የሚቀናጁባቸው ሰፊ ድንኳኖች መሆናቸው ነው፤ ድንኳን ደግሞ ይገባበታል፣ ይወጣበታል። የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት አቲኩ አቡባካር የሕዝብ ዴሞክራቲክ ፓርቲ (ፒዲፒ) መሥራች ከነበሩበት ተነሥተው በ2007 በሌላ ፓርቲ ተወዳደሩ፣ ተመለሱ፣ በ2014 ኦል ፕሮግረሲቭስ ኮንግረስ (ኤፒሲ) ወደተባለው ፓርቲ ተሻገሩ፣ በ2017 ዳግም ተመለሱ፣ በ2025 ደግሞ ሌላ ጥምረት ውስጥ ገቡ። በናይጄሪያ ይህ እንደ ነውር ብዙም አይቆጠርም። የምርጫ ኮሚሽኑ በ2020 ሰባ አራት ፓርቲዎችን ሰርዞ አሥራ ስምንት ብቻ ሲያስቀር ያዘነላቸው ጥቂት ነው።

በሌጎስ ግን ፓርቲው ስሙን ቢለዋውጥም እጁን ለቆ አያውቅም። ቦላ ቲኑቡ በ1999 አስተዳዳሪ ሆኖ ሲመረጥ የአሊያንስ ፎር ዴሞክራሲ አባል ነበር፤ ድርጅቱ በኋላ አክሽን ኮንግረስ፣ ቀጥሎም የናይጄሪያ አክሽን ኮንግረስ ሆነ፤ በ2013 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ኤፒሲን ፈጠረ። ፒዲፒ አቡጃን አሥራ ስድስት ዓመት ሲገዛ የሌጎስን አስተዳዳሪነት አንድ ጊዜም አላሸነፈም። ቲኑቡ በ2007 ከወረደ በኋላ ባባቱንዴ ፋሾላ፣ አኪንዉንሚ አምቦዴና ባባጂዴ ሳንዎ-ኦሉ በተከታታይ አስተዳዳሪ ሆነዋል፤ ሦስቱም የወጡት ከእርሱ ሰፈር ነው። ናይጄሪያውያን «ጎድፋዘር» የሚሉት፣ ራሱ ሳይወዳደር ማን እንደሚወዳደር የሚወስነው ሰው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በ2018 በግልጽ ታይቷል፤ በሥልጣን ላይ የነበረው አምቦዴ በራሱ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ ተሸንፎ ለሁለተኛ ዘመን ሳይወዳደር ቀረ።

የዚህ ኃይል አንዱ ምንጭ ግብር ነው። ቲኑቡ አዳዲስ የአካባቢ መስተዳድሮችን በመፍጠሩ በ2004 ፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ ለሌጎስ የአካባቢ መስተዳድሮች የሚላከውን ገንዘብ አገዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱ ይህን የማድረግ ሥልጣን የላቸውም ብሎ ቢወስንም ገንዘቡ የተለቀቀው ኦባሳንጆ ከወረዱ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ግዛቱ ከነዋሪውና ከድርጅቶች ግብር መሰብሰብን ተማረ፤ ከነዳጅ ድርሻ ይልቅ በራሱ ገቢ የሚተዳደር ግዛት በናይጄሪያ ብርቅ ነው። በሕገ መንግሥቱ የተዘረዘሩት 20 የአካባቢ መስተዳድሮችና ተጨማሪዎቹ 37 የልማት አካባቢዎች ዛሬም ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ በእያንዳንዳቸውም ሊቀመንበርና የምክር ቤት አባላት ስላሉ ፓርቲው ለታማኞቹ የሚያድለው ወንበር አያጣም።

ሌላው ምንጭ ገበያ ነው። እያንዳንዱ የሌጎስ ገበያ «ኢያሎጃ» የምትባል የነጋዴዎች መሪ አለችው፤ መደብ የሚሰጠው፣ ጠብ የሚበርደው፣ መዋጮ የሚወጣው፣ በምርጫ ሰሞን ደግሞ ሴቶች ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ጨርቅ ለብሰው ለድጋፍ ሰልፍ የሚወጡት በእርሷ በኩል ነው። የገበያዎቹ ሁሉ የበላይ ሆነው ለብዙ ዓመታት የቆዩት የቲኑቡ እናት አቢባቱ ሞጋጂ ነበሩ። በ2013 ሲሞቱ ቦታው ለልጅ ልጃቸው፣ ለቲኑቡ ሴት ልጅ ተላለፈ። ፓርቲው ቲማቲምና በርበሬ በሚሸጥበት ጉልት ድረስ ሥር እንዳለው ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማምጣት ይከብዳል።

ትራንስፖርቱም ከዚህ አይለይም። ጥቁር መስመር ያለባቸው ቢጫ ሚኒባሶች ዳንፎ ይባላሉ፤ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሰፈር ስም እየጮኸ ይጠራል፤ በየፌርማታው ደግሞ «አግቤሮ» የሚባሉ ጎረምሶች በማኅበር ስም ገንዘብ ይቀበሉታል። ያልከፈለ ሾፌር የመኪናው መስታወት ወይም መጥረጊያው ይነቀላል፤ የሚከፈለው ሁሉ መጨረሻው የተሳፋሪው ታሪፍ ላይ ነው። ይህን ገንዘብ የሚሰበስበው ማኅበር በምርጫ ጊዜ ሰውና መኪና ማንቀሳቀስ ስለሚችል የትኛውም ፓርቲ ሊያስቀይመው አይደፍርም። በ2022 በማኅበሩ ውስጥ ጠብ ሲነሣ የግዛቱ መንግሥት ሥራውን አግዶ የመናኸሪያ አስተዳደር ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውን እንዲመራ የተሾመው ግን የዚያው ማኅበር የሌጎስ ሊቀመንበር የነበረው ሰው ነው። በተቃራኒው እንዲህ ያለ ክንድ የሌላቸው የሞተር ሳይክል ታክሲዎች (ኦካዳ) በ2020ና በ2022 ከዋና ዋና አካባቢዎች ተከለከሉ። ምክንያቱ አደጋና ወንጀል ነው ተባለ፤ አደጋው እውነት ቢሆንም በማግስቱ ሥራ ፈት የሆነው ወጣት ብዙ ነበር፣ በእግሩ ወደ ሥራ የሄደውም እንዲሁ።

የከተማዋን ደሴቶች ከየብሱ የሚያገናኙት ሦስት ድልድዮች ሲሆኑ ረጅሙ በ1990 የተጠናቀቀው፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሦስተኛው ድልድይ ነው። በየብሱ ላይ የሚኖር ሠራተኛ ደሴቱ ላይ ላለው ቢሮው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ከቤት ሊወጣ ይችላል። በመኪና ሰልፉ መካከል በላስቲክ የታሸገ ውኃ፣ የሙዝ ጥብስ፣ የስልክ ቻርጀር የሚሸጡ ልጆች ይሯሯጣሉ። በ2008 የተጀመረው የተለየ መስመር ያለው አውቶቡስ፣ በ2023 ሥራ የጀመረው ሰማያዊ መስመርና ቀጥሎ የተከፈተው ቀይ መስመር ባቡር ጥቂት እፎይታ ሰጥተዋል፤ ዳንፎን ግን አልተኩትም።

የኤሌክትሪክ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። መብራት ሲመጣ ልጆች «አፕ ኔፓ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ኔፓ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን በ2005 ስሙ ተቀይሯል፣ በ2013 ማከፋፈሉ ለግል ኩባንያዎች ተሸጧል። ብዙ ቤት የራሱ ጄኔሬተር አለው፤ ትንሿና ርካሿ ጄኔሬተር በሕዝቡ አፍ «ከጎረቤቴ እበልጣለሁ» ትባላለች። ስለዚህ በናይጄሪያ የቤንዚን ዋጋ የመኪና ባለቤቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፀጉር ቤቱም፣ የልብስ ሰፊውም፣ የቀዝቃዛ መጠጥ ሻጩም ጉዳይ ነው። በጃንዩዌሪ 2012 ፕሬዚዳንት ጉድላክ ጆናታን የነዳጅ ድጎማን ሲያነሡ ሌጎስ በኦጆታ አደባባይ ለቀናት በሰልፍ ተጥለቀለቀች፤ ቲኑቡም ውሳኔውን አጥብቆ ተቃወመ። ሜይ 29 ቀን 2023 ያው ቲኑቡ ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ንግግር ድጎማው ቀርቷል ብለው አወጁ። ከ200 ናይራ በታች ይሸጥ የነበረው ሊትር ቤንዚን በቀናት ውስጥ ወደ 500 ናይራ ደረሰ፣ በ2024 ደግሞ ከ1,000 አለፈ።

የምርጫ ቀን የከተማዋ እንግዳ ቀን ነው። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ ምሽት ድረስ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ስለሚታገድ በሌላ ቀን መተንፈሻ የሌላቸው ጎዳናዎች የወጣቶች የእግር ኳስ ሜዳ ይሆናሉ። የፓርቲዎቹ ምልክቶች ማንበብ ለማይችለውም የተሠሩ ናቸው፤ ፒዲፒ ጃንጥላ፣ ኤፒሲ መጥረጊያ፣ ሌበር ፓርቲ ደግሞ አባት፣ እናትና ልጅ አለው። ድምፅ በገንዘብ መግዛት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም የሩዝ ከረጢትና የታጠፈ ናይራ የዘመቻ አካል ሆነው ቆይተዋል።

የ2023 ምርጫ ይህ ሁሉ መረብ የት ላይ እንደሚቋረጥ አሳየ። ፌብሩዋሪ 25 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ቲኑቡ 8.8 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አግኝቶ አገሪቱን አሸነፈ፤ በራሱ ከተማ ግን የሌበር ፓርቲው ፒተር ኦቢ በ582,454 ለ572,606 በለጠው። ለኦቢ ድምፅ ከሰጡት ብዙዎቹ ገበያም መናኸሪያም የማይመራቸው ወጣቶች ነበሩ፤ በኦክቶበር 2020 በፖሊስ ጭካኔ ላይ ተነሥቶ በሌኪ የቀረጥ መክፈያ ጣቢያ በወታደሮች ተኩስ የተበተነው ሰልፍ ትዝታ ያላቸው፣ ሥራቸው በስልክና በኮምፒውተር የሆነ ነዋሪዎች። ከሦስት ሳምንት በኋላ በተደረገው የአስተዳዳሪ ምርጫ የቲኑቡ ድርጅት መልሶ ተነሣ። የኦቢ ብሔር በሆኑት በኢግቦ ተወላጆች ላይ ማስፈራራት ተፈጸመ፤ በአንዳንድ ጣቢያዎች መራጮች ተባረሩ፤ ሌጎስ የማን ናት የሚለው የቆየ ጥያቄም በክፉ መልክ ተመልሶ መጣ። ሳንዎ-ኦሉ ከ762,000 በላይ ድምፅ በማግኘት ከተከታዩ በእጥፍ በልጦ አሸነፈ። ለእኔ ከሁለቱም ውጤት ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ቁጥር ነው፤ በሌጎስ ከተመዘገቡት ከ7 ሚሊዮን በላይ መራጮች ለፕሬዚዳንቱ ምርጫ ድምፅ የሰጡት 1.4 ሚሊዮን እንኳ አልሞሉም። አብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ ያን ቀን ቤቱ ነበር፣ ወይም ኳስ ሜዳው ላይ።

በጁላይ 2025 አቲኩ፣ ኦቢና ሌሎች ተቃዋሚዎች ኤዲሲ በተባለ ፓርቲ ዙሪያ ተሰባሰቡ፤ የጥምረቱ ዋና ጸሐፊ ሆነው የተሰየሙት ራውፍ አሬግቤሶላ በአንድ ወቅት በቲኑቡ የሌጎስ አስተዳደር የሕዝብ ግንባታ ሥራዎች ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ከቀናት በኋላ ጁላይ 12 ቀን በሌጎስ የአካባቢ ምርጫ ተካሄደ፤ ኤፒሲ የ57ቱንም አካባቢዎች ሊቀመንበርነት ወሰደ።